ጅረት ዳር ለሚውል ሰው፦ መንቦራጨቅ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ በእግር መንሸራሸር ወይስ ድንኳን ተክሎ ማደር?

ከከተማ ርቆ በሚገኝ፣ ጅረት በመካከሉ በሚያልፍበት መናፈሻ ለመዋል የተነሡ ሰዎች ክርክራቸውን የሚጨርሱት አብዛኛውን ጊዜ ገና ከቤት ሳይወጡ ነው። አንዱ ውሃ ውስጥ መግባት ያምረዋል፤ ሌላው የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን አዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ሦስተኛው ዳገቱን ወጥቶ ሸለቆውን ከላይ ማየት ይፈልጋል፤ ልጆቹ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ካላደርን ብለው ያለቅሳሉ። ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ ወይም በኩርፊያ ይወሰንና ጓዝ ተጭኖ ይኬዳል። ከታች እነዚህን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማነጻጸር የሞከርሁ ሲሆን፣ መነሻዬ አንድ ነው፦ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በዕለቱ ያለው የጅረቱ ሁኔታ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ውሳኔ መሰጠት ያለበት ውሃው ዳር ቆሞ ነው። ስለዚህ ከቤት ሲወጣ ሁለት ሐሳብ ይዞ መውጣት ይበጃል፤ አንዱ ውሃው ሲመች የሚደረግ፣ ሌላው ውሃው ሲከፋ የሚደረግ።

ሌላም ታሳቢ አለኝ። በገጠር መናፈሻ ጠባቂ ቢኖር እንኳ የሚገኘው በሩ ላይ ነው፤ ዋናተኛን የሚከታተል ሠራተኛ የለም፤ የስልክ ኔትወርክ ሸለቆው ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፤ የተጎዳ ሰው ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜም ረጅም ነው። በመሆኑም ሁለት አማራጮች በሚሰጡት ደስታ ተቀራራቢ በሚሆኑበት ጊዜ ሁሉ፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ለማስተካከል የሚቀለውን እመርጣለሁ።

ውሃው ምን ይላል?

ጅረት ከዳር ለሚያየው ሰው ፍጥነቱን ይደብቃል። ፍጥነቱን ለማወቅ ግን ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ በዳርቻው ላይ 10 ሜትር ያህል በእርምጃ መለካት፣ ደረቅ ጭራሮ ከላይኛው ጫፍ መሃል ላይ መወርወርና ታችኛው ጫፍ እስኪደርስ ሰከንዱን መቁጠር ይበቃል። ጭራሮው 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ከጨረሰ ውሃው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይጓዛል፤ በ10 ሰከንድ ከጨረሰ ደግሞ አንድ ሜትር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁንና የውሃ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እግር ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ጭራሮው ከጎኑ በተለመደ እርምጃ የሚራመደውን ሰው የሚቀድም ከሆነ፣ ወደ ውሃው የመግባት ሐሳብ ለዚያ ቀን መሰረዝ ይኖርበታል። በጎርፍ ወቅት 15 ሴንቲሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰውን ሊጥል እንደሚችል ማስታወስ ከብዙ ጉራ ያድናል።

ጥርት ያለ ውሃም በራሱ መንገድ ያታልላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር፣ ከላይ ቁልቁል ሲታይ የጅረቱ ወለል ከእውነተኛው ጥልቀት ሦስት አራተኛ ላይ ያለ ይመስላል። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 75 ሴንቲሜትር ገደማ ይመስላል ማለት ነው፤ ለአዋቂ ይህ ልዩነት ሱሪ ከመጠቅለልና ካለመጠቅለል አያልፍም፣ ለአምስት ዓመት ሕፃን ግን በደረትና በአፍ መካከል ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ጥልቀት በዓይን አይገመትም፤ ረጅም በትር ይዞ አስቀድሞ የሚገባ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው ከማይታይ ቦታ ነው። እኛ ያለንበት ሰማይ ብሩህ ሆኖ ሳለ ከላይ ከተራራው የዘነበ ዝናብ ጅረቱን በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞላው ይችላል። ደራሽ ውሃ ሊመጣ ሲል ጥርት ያለው ውሃ መደፍረስ ይጀምራል፤ ቅጠልና ጭራሮ እየበዛ ይወርዳል፤ ለስለስ ያለው የጅረቱ ድምፅም ይጎረንናል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ዕቃ ለመሰብሰብ መዘግየት አይገባም፤ ሰው ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት ነው።

የት እንቀመጥ?

የምን እናድርግን ጥያቄ ያህል የሚከብደው፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስብበት፣ የቦታው ምርጫ ነው። ጅረት በሚታጠፍበት ስፍራ ሁለቱ ዳርቻዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ወደ ውጭ ባለው ወገን ውሃው ይፈጥናል፣ ወለሉን ይቆፍራል፣ ዳሩንም ከሥር ይቦረቡራል፤ ወደ ውስጥ ባለው ወገን ደግሞ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን አሸዋና ጠጠር ያራግፍና ቀስ እያለ የሚጠልቅ ደልዳላ ዳርቻ ይሠራል። ከሕፃናት ጋር ለሚመጣ ቤተሰብ ምርጫው አያወላዳም፤ ወደ ውስጥ ያለው ወገን ነው።

ችግሩ ጥላ ያላቸው ትልልቅ ዛፎች ብዙ ጊዜ በውጨኛው ወገን ከፍ ባለው ዳር ላይ መገኘታቸው ነው። እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ ተሸንፌያለሁ። ሥሩ ወደ ውሃው የተንጠለጠለ ሰፊ ዛፍ አግኝተን፣ ሥሩ የተንጠለጠለው ለምን እንደሆነ ሳንጠይቅ፣ ምንጣፋችንን ጫፉ ድረስ ዘረጋን። የተቀመጥንበት አፈር ከሥሩ ባዶ መሆኑን ያወቅነው ውሃ የሞላው ጀሪካን ካረፈበት ጓል ጋር እንደ ቁራሽ ዳቦ ተገምሶ ጅረቱ ውስጥ ሲወድቅ ነው። ጀሪካኑን የያዘልን ሰው አልነበረም፤ ደግነቱ ጀሪካኑም ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጥላ የምፈልገው ከዳሩ ቢያንስ አምስት እርምጃ ገባ ብዬ ሲሆን፣ ካልተገኘም ከቤት የመጣ ሸራ በሁለት እንጨት መወጠርን እመርጣለሁ።

በጠጠር ላይ እየተንኳለለ የሚሮጠውን ጥልቀት የለሽ ክፍልና ረጋ ብሎ የተኛውን ኩሬ ማነጻጸርም ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ወለሉ ይታያል፣ ድምፁ ደስ ይላል፣ ድንጋዮቹ ግን አረንጓዴ ለበስ ሆነው ያዳልጣሉ። ሁለተኛው ለዋና የሚጋብዝ ቢሆንም ጥልቀቱ በድንገት ሊጨምር ይችላል፤ ትንኝም የሚበዛው በእንዲህ ዓይነቱ የረጋ ውሃ አጠገብ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ደግሞ ድምፅን ይመለከታል፤ በሚንኳለለው ክፍል አጠገብ የተቀመጠ ወላጅ 15 ሜትር ርቆ የሚጣራ ልጁን ላይሰማ ይችላል። በዚያ የተቀመጠ ሰው ልጁን የሚጠብቀው በዓይኑ ነው፤ ስልኩንም ከኪሱ አያወጣም።

መንቦራጨቅ፣ መዋኘት ወይስ በአየር የተነፋ ጎማ?

ሦስቱ በአንድ ስም፣ ማለትም “ውሃ ውስጥ መግባት” ተብለው ቢጠሩም፣ የሚጠይቁት ችሎታና የሚያስከትሉት አደጋ ይለያያል። መንቦራጨቅ፣ ማለትም ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ መራመድና መጫወት፣ ለሁሉም ዕድሜ የሚስማማ ሲሆን ከሦስቱ ርካሹም እሱ ነው፤ የሚፈልገው ጣትን የሚሸፍንና በእግር ላይ የሚታሰር ጫማ ብቻ ነው። ነጠላ ጫማ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃው ከእግር አውልቆ ይወስደዋል፣ ባለቤቱም ጫማውን ሊያሳድድ ወደማያውቀው ጥልቀት ይገባል።

መዋኘት የሚመረጠው የተለካ ኩሬ ሲገኝና ውሃው ብዙ ሳይቀዘቅዝ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል፤ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ደግሞ ከፈቃዱ ውጭ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ይህም በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ውሃ ሊያስውጠው ይችላል። ዘልሎ መግባት ስለዚህ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው፤ አንድም በብርዱ፣ አንድም ከሥር ባለው ድንጋይ ምክንያት። አንገቱን የተሰበረ ሰው ከሸለቆ ተሸክሞ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይበቃል።

በተነፋ ጎማ መንሳፈፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስት የሚመስል፣ በእኔ ግምት ግን ለማይታወቅ ጅረት ከሁሉ የማይመከር ነው። ጎማ አይመራም፤ ውሃው ወደ ወሰደው ይሄዳል። በጅረቱ ላይ ተጋድሞ የወደቀ ዛፍ ካለ ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም፤ ግፊቱም እዚያው ጠርቅሞ ይይዘዋል። ይህን የመረጠ ሰው የሚሄድበትን ርቀት በሙሉ አስቀድሞ በዳር በእግሩ ሊያየው፣ ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬትም ሊለብስ ይገባል። ውሃ የጣለው ሰው ፈጣኑ ውስጥ ለመቆም መታገል የለበትም፤ እግሩ በድንጋዮች መካከል ሊሰነቀርና ውሃው ወደ ፊት ሊደፋው ይችላል። በጀርባ ተኝቶ፣ እግርን ወደ ታችኛው አቅጣጫ አስቀድሞ ረጋ ያለ ክፍል እስኪደርሱ መንሳፈፍ ይሻላል።

ንጹሕ የሚመስል ውሃም ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከግጦሽና ከመንገድ ታጥቦ የሚመጣው ቆሻሻ ጅረቱን ስለሚበክለው፣ ለመዋኘት ቢያንስ ሁለት ቀን መጠበቅ ተገቢ ነው። በሞቃት አገሮች ቀንድ አውጣ በሚገኝበት ዝግተኛ ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ በሽታው ይገኝበታል በሚባል አካባቢ መንቦራጨቁም ይቀራል። በረጋ ውሃ ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ያለ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሽፋን ከታየ ደግሞ ልጅም ውሻም መቅረብ የለበትም፤ የአንዳንዱ መርዝ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ዓሣ ማጥመድና በእግር መሄድ

ዓሣ ማጥመድ ከመንቦራጨቅ ጋር በአንድ ኩሬ አይስማማም። ዓሣው በጩኸትና በመረጋገጥ ይሸሻል፤ ወደ ኋላ የሚወረወር መንጠቆም ከኋላ የሚሮጥ ልጅን ዓይን ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱን የሚፈልግ ቡድን አጥማጆቹን ወደ ላይኛው ክፍል፣ ተጫዋቾቹን ወደ ታችኛው ማድረግ አለበት፤ የሚደፈርሰው ውሃ ወደ ታች ስለሚሄድ ማንም ማንንም አይረብሽም። ሰዓታቸውም ቢሆን ይለያያል፤ ለማጥመድ ንጋትና ወደ ምሽት ያለው ጊዜ ሲመረጥ፣ ውሃ ለመግባት ግን ፀሐይ ከፍ ያለችበት ሰዓት ይሻላል። ስለዚህ አንድ ቡድን ጠዋት አጥምዶ፣ ረፋዱ ላይ ለልጆቹ ኩሬውን ሊለቅ ይችላል።

ማጥመድን ጥሩ ተለዋጭ ዕቅድ የሚያደርገው ለዋና የማይመች ቀን ላጥማጅ ሊመች መቻሉ ነው። ውሃው ትንሽ ደፍረስ ሲል ዓሣው አጥማጁን በቀላሉ ስለማያየው ደፋር ይሆናል፤ ሙላት ሲሆን ግን ሁለቱም ይቀራሉ። ከመሄድ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነና የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር እንደሚከለከል ከመናፈሻው ማጣራት ግዴታ ነው። የያዘውን መልሶ የሚለቅ ሰው ዓሣውን ከመንካቱ በፊት እጁን ያርጥብ፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍፈዋል። እንደ ትራውት ያሉ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወዱ ዓሦች ባሉበት ጅረት ደግሞ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ካለፈ ይዞ መልቀቁም ሊገድላቸው ስለሚችል፣ ዘንጉን አጥፎ ወደ ጥላ መሄድ ይሻላል።

በእግር መሄድ ውሃው በከፋ ቀን ሁሉ የሚያገለግል አማራጭ ነው፤ ጅረቱን መሻገር የሚጠይቅ መንገድ እስካልሆነ ድረስ። ከጅረቱ ጎን ለጎን የሚሄደው መንገድ ጥላ ያለው፣ ደልዳላና ለመጥፋት የማይመች ሲሆን፣ ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ ሰፊ እይታና ነፋስ ይሰጣል፤ ላብና ፀሐይም ይጨምራል። ጊዜን ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። ስሌቱ ለጠንካራ ተጓዥ የወጣ ስለሆነ ልጆች ወይም አረጋውያን ካሉ በግማሽ መጨመር ይገባል። በጅረቱ ዳር መንገድ ለሚሄዱ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ላይ መሄድን እመክራለሁ፤ ጉልበት ሲያልቅ የሚቀረው መንገድ ቁልቁለት ይሆናል። በኮረብታው ላይ መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ወዲያው መውረድ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ማደር ወይስ መመለስ?

ጅረት ዳር የመጀመሪያ ጊዜ የሚያድር ሰው ድንኳኑን የሚተክለው ውሃው አጠገብ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አይተክለውም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከኮረብታው ወርዶ በሸለቆው ግርጌ ይተኛል፤ ከጅረቱ የሚነሣው እርጥበት ተጨምሮበት ድንኳኑ ጠዋት ከውስጥም ከውጭም ጠብ ጠብ ይላል። ከዳሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለ ደልዳላ መሬት ሞቃትና ደረቅ ከመሆኑም በላይ፣ ደራሽ ውሃ ቢመጣ የመንቂያ ጊዜ ይሰጣል። በቁጥቋጦዎቹ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ገለባ ከታየ ያለፈው ሙላት የት ድረስ እንደ ወጣ ይናገራል፤ ድንኳኑ ከዚያ ምልክት በላይ መሆን አለበት። የተለመደው መመሪያ ከውሃው 60 ሜትር መራቅ ነው፤ ይህም የዱር እንስሳት ለመጠጣት የሚመጡበትን መንገድ ክፍት ይተዋል፣ ጅረቱንም ከሰው ቆሻሻ ይጠብቃል። መጸዳጃ ከሌለም ያው 60 ሜትር ይሠራል፤ ጉድጓዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ተቆፍሮ ይደፈናል። ድንኳን ከመትከል በፊት ቀና ብሎ ማየትም አይረሳ፤ ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለበት ዛፍ ጥላው ቢያምርም አይታደርበትም።

በሁለት ዛፎች መካከል የሚወጠር መኝታ ወጣ ገባ መሬት ላለበት ስፍራ ከድንኳን ይሻላል፤ ከሥር የሚነፍሰው አየር ግን ስለሚያቀዘቅዝ በብርድ ወራት ወይም ከልጅ ጋር አይመረጥም። እሳት የሚያነድ ሰው ምድጃውን ከጅረቱ በወሰደው እርጥብ ድንጋይ አይክበብ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሲሞቅ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል።

ለመዋል ብቻ የሚሄድ ሰው የሚጠጣውን ውሃ ከቤት ቢይዝ ይቀለዋል። የሚያድር ግን ማከም ሊኖርበት ይችላል፤ ከአማራጮቹም ማፍላት አስተማማኙ ነው፤ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ መቀጠል አለበት። የእጅ ማጣሪያ ፈጣን ነው፣ ነዳጅም አይጠይቅም፤ ይሁንና አብዛኛው ቫይረሶችን አያስቀርም። የክሎሪን እንክብል ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ አይገድለውም። ማጣሪያና እንክብል አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ፣ ሕፃናትና አረጋውያን አብረው ለሚመጡበት ቡድን የምመርጠው የማለዳ ጉዞ፣ በውስጠኛው መታጠፊያ መቀመጥ፣ ረፋዱ ላይ መንቦራጨቅ፣ ከዚያም አጭር የዳር ለዳር መንገድ ነው። ለብቻው የሚሄድ ሰው ከውሃው ወጥቶ መንገዱን ቢይዝ፣ የሚመለስበትንም ሰዓት ለቤተሰቡ ነግሮ ቢሄድ ይመረጣል። ማደርን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጉብኝት፣ ጅረቱን በቀን ብርሃን ካወቁት በኋላ ማቆየት ጥሩ ነው።

መኪና የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጥ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል። ወደ አንዳንድ መናፈሻዎች የሚያስገባው መንገድ ያለ ድልድይ ጅረቱን አቋርጦ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ የመዝነብ ጠባይ ባለበት ወቅት መኪናውን ከመሻገሪያው ወዲህ፣ ወደ ቤት በሚወስደው ወገን አቁሞ ጓዝን በእጅ ማሻገር አድካሚ ነው፤ ሆኖም 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ብዙ መኪኖችን ስለሚያንሳፍፍ፣ ከወዲያ ማዶ ያቆመ ሰው ውሃው እስኪጎድል እዚያው ሊያመሽ፣ አንዳንዴም ድንኳን ሳይዝ ሊያድር ነው።